የሐርትማን ቀዶ ሕክምናን በላፓሮስኮፒ መቀልበስ

የሐርትማን ቀዶ ሕክምናን በላፓሮስኮፒ መቀልበስ ማለት ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ የተለያየውን ትልቁን አንጀት፣ ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገቡ ካሜራና መሣሪያዎች መልሶ ከሬክተም ጋር ማገናኘት ነው። ሬክተም የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ሲሆን ከፊንጢጣ በላይ ይገኛል፤ ሰገራ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀመው በዚህ ነው። የሕክምናው ዓላማ ታካሚው በሆዱ ላይ በተሠራለት መውጫ (ኮሎስቶሚ) መጸዳዳቱ ቀርቶ እንደ ቀድሞው በፊንጢጣ እንዲጸዳዳ ማድረግ ነው።

ይህ ቀዶ ሕክምና እንደ መጀመሪያው በድንገት የሚደረግ ሕይወት አድን ሥራ አይደለም። ታስቦበትና ቀን ተቆርጦለት፣ የኑሮን ጥራት ለማሻሻል የሚሠራ ነው። ሆኖም ከመጀመሪያው ቀዶ ያላነሰ፣ አንዳንዴም የበለጠ ከባድ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ኮሎስቶሚው ሲሠራ «ጊዜያዊ ነው» ቢባልም፣ በብዙ ጥናቶች ከታካሚዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት አንጀታቸው ሳይገናኝ ይቀራል። በላፓሮስኮፒ መሥራት የተጀመረውም የቀዶውን ጫና ቀንሶ ለብዙ ታካሚዎች ዕድሉን ለመስጠት ነው።

የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና

በሐርትማን ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ የታመመውን የትልቁ አንጀት ክፍል ቆርጦ ያወጣል። ይህ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ሲግሞይድ የሚባለው፣ በሆድ ግራ በኩል ወደ ታች የሚገኘው ጠማማ የአንጀት ክፍል ነው። ከተቆረጠ በኋላ ሁለት ጫፎች ይቀራሉ። የላይኛው ጫፍ በግራ የሆድ ግድግዳ በኩል ወጥቶ ከቆዳ ጋር ይሰፋል፤ ኮሎስቶሚ የሚባለው ይህ ነው። ሰገራ በዚያ በኩል ወጥቶ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። የታችኛው ጫፍ ደግሞ ተዘግቶ በዳሌ ውስጥ ይቀራል፤ ይህም የሬክተም ጉቶ ይባላል።

ሁለቱ ጫፎች ወዲያው የማይገናኙበት ምክንያት አለ። አንጀት ተበስቶ ሰገራና መግል ሆድ ውስጥ በፈሰሰበት፣ የታካሚው የደም ግፊት በወረደበት ወይም አንጀቱ በጣም ባበጠበት ሁኔታ አዲስ ስፌት በሚገባ አይድንም። ስፌቱ ከተለቀቀ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ሆድ በሰገራ ይበከላል። ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ ሕይወትን ያድናል፤ የማገናኘቱን ሥራ ለሌላ ጊዜ ያቆየዋል።

ለዚህ ቀዶ ሕክምና የሚዳርጉት ዋና ዋና በሽታዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• ዳይቨርቲኩላይቲስ፦ በትልቁ አንጀት ግድግዳ ላይ የሚፈጠሩ ትንንሽ ኪሶች ቆስለው ሲበሱ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከሁሉም በላይ የተለመደው ምክንያት ይህ ነው።
• የአንጀት መጠምዘዝ (ቮልቩለስ)፦ ሲግሞይድ በራሱ ዙሪያ ተጠምዝዞ ደም ሲያጣና ሲበሰብስ። በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች በብዛት ይታያል።
• ካንሰር፦ ዕጢው አንጀትን ሲዘጋ ወይም ሲበሳ።
• ጉዳት፦ በጥይት፣ በስለት ወይም በመኪና አደጋ አንጀትና ሬክተም ሲቆስሉ።
• ቀደም ሲል የተገናኘ አንጀት ስፌቱ ሲለቅ።

ታሪክ

አሠራሩ የተሰየመው በፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም በአንሪ አልበርት ሐርትማን (1860–1952 እ.ኤ.አ.) ነው። ሐርትማን በ1921 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ፣ የሲግሞይድ ካንሰር አንጀታቸውን ዘግቶባቸው በዚህ መንገድ ስላከማቸው ሁለት ሕሙማን ገለጸ። በዘመኑ ሬክተምን ጨምሮ ማውጣት ብዙ ሕሙማንን ይገድል ስለነበር፣ እሱ ሬክተምን ዘግቶ በቦታው መተውን መረጠ። አንጀቱን በኋላ መልሶ ማገናኘት ግን የአሠራሩ አካል አልነበረም። ይህ የመጣው ማደንዘዣ፣ ደም መስጠትና ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ከተሻሻሉ በኋላ፣ አሠራሩም ከካንሰር ይልቅ ለተበሳ አንጀት በስፋት መዋል ሲጀምር ነው።

ላፓሮስኮፒ የራሱ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኬሊንግ በ1901 እ.ኤ.አ. የውሻን ሆድ በአየር ነፍቶ በመመልከቻ ቱቦ ውስጡን አየ። ስዊድናዊው ሃንስ ክርስትያን ያኮቤዩስ በ1910 እ.ኤ.አ. ዘዴውን በሰው ላይ መጠቀሙን አሳወቀ። ለረጅም ጊዜ ላፓሮስኮፒ ለምርመራና ለማሕፀን ሕክምና ብቻ ሲያገለግል ቆይቶ፣ ጀርመናዊው ኩርት ዜም በ1980 እ.ኤ.አ. ትርፍ አንጀትን፣ ሌላው ጀርመናዊ ኤሪኽ ሙኸ ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. የሐሞት ከረጢትን በዚህ መንገድ አወጡ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ትልቁን አንጀት በላፓሮስኮፒ መቁረጥ ተጀመረ፤ የሐርትማን ቀዶን በላፓሮስኮፒ ስለመቀልበስ የቀረቡት የመጀመሪያ ዘገባዎችም የዚያው ዘመን ናቸው።

ሥራውን ያቀለለው ሌላው ፈጠራ ክብ ስቴፕለር ነው። ይህ መሣሪያ ሁለት የአንጀት ጫፎችን በትንንሽ የብረት ስፌቶች በክብ ይሰፋል፤ ትርፉንም ሥጋ በአንድ ጊዜ ይቆርጣል። በፊንጢጣ በኩል ስለሚገባ፣ በጠባቡ ዳሌ ውስጥ በእጅ መስፋት አስቸጋሪ የሆነበትን ቦታ መድረስ ይችላል።

ለማንና መቼ ይሠራል

ኮሎስቶሚ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቀዶ ማድረግ አለበት ማለት አይደለም። በኮሎስቶሚ ለዓመታት ጤናማ ሆኖ መኖር ይቻላል። በአንጻሩ ከረጢቱ ሊያፈስ፣ ቆዳን ሊያቆስል፣ ሽታና ድምፅ ሊያመጣ ይችላል፤ በመውጫው ዙሪያም የሆድ ግድግዳ ላልቶ አንጀት ወደ ቆዳ ሥር የሚገፋበት ኸርኒያ ይፈጠራል። ብዙዎች ከሥራ፣ ከትዳርና ከማኅበራዊ ኑሮ ይርቃሉ። ውሳኔው የሚሰጠው ይህ ችግር ከቀዶው አደጋ ጋር ተመዝኖ ነው።

ከሚመዘኑት ነገሮች መካከል ዕድሜ፣ የልብና የሳንባ ጤንነት፣ የስኳር በሽታ፣ የኩላሊት ሁኔታ፣ ውፍረት፣ የምግብ እጥረትና ሲጋራ ማጨስ ይገኙባቸዋል። በካንሰር ምክንያት የተቆረጠ ከሆነ በሽታው አለመመለሱ ይረጋገጣል፤ ኬሞቴራፒ የሚያስፈልገው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ እሱን እስኪጨርስ ይጠብቃል። የፊንጢጣ ጡንቻም ይመረመራል። ጡንቻው ሰገራን መያዝ የማይችል ከሆነ አንጀቱን ማገናኘት ታካሚውን ከባሰ ችግር ላይ ይጥለዋል፤ በከረጢት የሚሰበሰብ ሰገራ ካልተቆጣጠሩት ሰገራ ይሻላልና።

አብዛኞቹ ሐኪሞች ከመጀመሪያው ቀዶ በኋላ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠብቃሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሆድ ውስጥ ያለው ቁስል ትኩስ ስለሆነ አንጀቶች እርስ በርስ ተጣብቀው በቀላሉ ይደማሉ፣ ይቀደዳሉም። ጊዜ ሲሰጠው መጣበቁ እየሳሳ ይሄዳል። በሌላ በኩል እጅግ መዘግየትም ጉዳት አለው። ሰገራ የማያልፍበት የሬክተም ጉቶ ይጠባል፣ ይጨማደዳልም። የትልቁ አንጀት ሽፋን ሕዋሳት ኃይል የሚያገኙት በአብዛኛው ባክቴሪያዎች የምግብ አሰርን አፍልተው ከሚያመርቷቸው ቅባታማ አሲዶች ነው። ሰገራ ሲቋረጥ ይህ ምግብ ስለሚቋረጥ ጉቶው ሊቆጣና ንፍጥና ደም ሊያወጣ ይችላል። አንጀቱ ሲገናኝ ይህ ብግነት አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

ዝግጅት

ከቀዶው በፊት ሐኪሙ የመጀመሪያውን ቀዶ ማስታወሻ ያነባል። ምን ያህል አንጀት እንደተቆረጠ፣ ጉቶው ምን ያህል እንደሚረዝም፣ በምን እንደተዘጋና የት እንደተቀመጠ የሚታወቀው ከዚያ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀዶ የተደረገበት ሆስፒታል የሰጠውን ወረቀት በጥንቃቄ ማስቀመጥ ለታካሚው ትልቅ ጥቅም አለው።

ቀሪው ትልቁ አንጀት በኮሎስቶሚው በኩል በሚገባ ካሜራ (ኮሎኖስኮፒ)፣ ጉቶው ደግሞ በፊንጢጣ በኩል ይመረመራል። ያልታየ ዕጢ፣ መጥበብ ወይም ብግነት ካለ አስቀድሞ ይታወቃል። እንደ አስፈላጊነቱ የሲቲ ስካን ምርመራ ይታዘዛል። ደም ማነስ ይታከማል፣ ምግብ ይስተካከላል። ሲጋራ ቢያንስ ከጥቂት ሳምንታት በፊት መተው አለበት፤ ሲጋራ ወደ ስፌቱ የሚሄደውን ደም ይቀንሳልና። አንጀቱ በመድኃኒት ይታጠባል፣ ቀዶው ከመጀመሩ በፊት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይሰጣል፣ ደም እንዳይረጋም ጥንቃቄ ይደረጋል።

አሠራር

ቀዶው በሙሉ ማደንዘዣ ይሠራል። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ እግሮቹ ከፈት ተደርገው ይደገፋሉ፤ ይህም ስቴፕለሩን በፊንጢጣ በኩል ለማስገባት ነው። ደረጃዎቹ እንደ ሐኪሙና እንደ ታካሚው ሁኔታ ቢለያዩም በጥቅሉ የሚከተሉት ናቸው፦

1. ወደ ሆድ መግባት፦ የመጀመሪያው ቀዳዳ ከቀድሞው ጠባሳ ራቅ ብሎ ይከፈታል፤ ከጠባሳው ሥር አንጀት ተጣብቆ ሊሆን ይችላልና። አንዳንድ ሐኪሞች መጀመሪያ ኮሎስቶሚውን ከቆዳው አላቅቀው ያንኑ ክፍተት እንደ መግቢያ ይጠቀሙበታል። ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፋል፤ ግፊቱ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ቀዳዳዎቹ ከ5 እስከ 12 ሚሊሜትር ስፋት አላቸው።

2. የተጣበቀውን ማላቀቅ፦ ከሁሉም የበለጠ ጊዜና ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። ትንሹ አንጀት ከሆድ ግድግዳ፣ ከዳሌና ከጉቶው ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ሐኪሙ በመቀስ ጥቂት በጥቂት ያላቅቀዋል። ከአንጀት አጠገብ የሚያቃጥል መሣሪያ መጠቀም አደገኛ ነው፤ ቃጠሎው በዕለቱ ሳይታይ ከቀናት በኋላ አንጀቱን ሊበሳ ይችላል።

3. ጉቶውን ማግኘት፦ ጉቶው በዳሌ ውስጥ ተቀብሮ ከፊኛ ወይም ከማሕፀን ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ረዳት ሐኪም በፊንጢጣ በኩል መሣሪያ አስገብቶ ጉቶውን ወደ ላይ ሲገፋው ይለያል። በመጀመሪያው ቀዶ ጊዜ በጉቶው ጫፍ ላይ የማይሟሟ ባለቀለም ክር ከተተወ ሥራው ይቀላል። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው የግራ የሽንት ቱቦ በአቅራቢያው ስለሚያልፍ እንዳይቆረጥ ተለይቶ ይታያል። በዳይቨርቲኩላይቲስ ሕሙማን ከጉቶው ጋር የቀረ የሲግሞይድ ቁራጭ ካለ ይቆረጣል፤ ካልሆነ በሽታው ሊመለስ ይችላል።

4. የላይኛውን አንጀት ማዘጋጀት፦ ኮሎስቶሚው ከሆድ ግድግዳ ይላቀቃል፣ ጫፉም ይስተካከላል። አንጀቱ ሳይወጠር ዳሌ ድረስ መውረድ አለበት። የማይደርስ ከሆነ በጣፊያ በኩል ያለው መታጠፊያው ይፈታል። የተወጠረ ወይም ደም ያነሰው ጫፍ ቢሰፋ አይድንም።

5. ማገናኘት፦ የክብ ስቴፕለሩ ራስ በላይኛው አንጀት ጫፍ ውስጥ ገብቶ በክር ይታሰራል። የስቴፕለሩ አካል በፊንጢጣ ገብቶ እሾሁ ጉቶውን በስቶ ይወጣል። ሁለቱ ተገጣጥመው ሲጠበቁና መሣሪያው ሲተኮስ አንጀቱ በክብ ይሰፋል።

6. ማረጋገጥ፦ ስቴፕለሩ ሲወጣ ከሁለቱ ጫፎች የተቆረጡ ሁለት የሥጋ ቀለበቶች ይኖሩታል። ሁለቱም ሙሉ ክብ መሆን አለባቸው። ከዚያም ዳሌው በውኃ ተሞልቶ በፊንጢጣ በኩል አየር ይነፋል። በብስክሌት ጎማ ላይ ቀዳዳ እንደሚፈለገው ሁሉ፣ አረፋ ከወጣ ስፌቱ ያፈስሳል ማለት ነውና ይጠገናል።

በመጨረሻ ኮሎስቶሚው የነበረበት ክፍተትና ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ። ስፌቱ አስተማማኝ ካልመሰለ ሐኪሙ ትንሹን አንጀት ለጊዜው በሆድ ላይ ሊያወጣው ይችላል (ኢሊዮስቶሚ)። ያ ደግሞ በኋላ በሌላ አነስተኛ ቀዶ ይዘጋል።

ከክፍት ቀዶ ጋር ሲነጻጸር

በክፍት ቀዶ የቀድሞው ረጅም ጠባሳ እንደገና ይከፈታል። በላፓሮስኮፒ ይህ ስለሚቀር ሕመሙ ይቀንሳል፣ የቁስል ኢንፌክሽን ያንሳል፣ ታካሚው ቶሎ ይነሣል፣ በሆስፒታል የሚቆይበት ጊዜም ያጥራል። በጠባሳው ላይ ኸርኒያ የመፈጠር ዕድሉም ዝቅ ይላል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ንጽጽሮች በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። አብዛኞቹ ጥናቶች ታካሚዎችን በዕጣ ሳይደለድሉ የተሠሩ ናቸው። ሐኪሞች ቀላል የሚመስለውን ታካሚ ለላፓሮስኮፒ፣ ከባዱን ደግሞ ለክፍት ቀዶ ስለሚመርጡ፣ የታየው ልዩነት ሁሉ ከዘዴው ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ከሁሉም በላይ፣ አንጀት የሚገናኝበት ስፌት በሁለቱም መንገድ አንድ ዓይነት ነው። ላፓሮስኮፒ የሆድ ግድግዳን ጉዳት ይቀንሳል እንጂ ስፌቱ የመልቀቅ አደጋን አያስቀርም።

በላፓሮስኮፒ የተጀመረ ቀዶ፣ አንጀቶቹ በጣም ተጣብቀው ከተገኙ ወይም ጉቶው ካልተለየ፣ ወደ ክፍት ይለወጣል። ይህ ያልተለመደ አይደለም፤ እንደ ስሕተትም አይቆጠርም። ታካሚው አስቀድሞ ይህ ሊሆን እንደሚችል ተነግሮት ይፈርማል።

አደጋዎች

ከሁሉም የሚፈራው የስፌቱ መልቀቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ወይም በአሥር ቀናት ውስጥ ይታያል። እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሆድ መነፋትና ማስመለስ ምልክቶቹ ናቸው። አንዳንዴ ያለሌላ ምልክት የልብ ምት መፍጠን ብቻ ይቀድማል። ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ እነዚህን ካየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መመለስ አለበት። ትንሽ ፍሳሽ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና መግሉን በቱቦ በማውጣት ሊድን ይችላል፤ ከባዱ ግን ዳግም ቀዶና አዲስ ኮሎስቶሚ ይጠይቃል።

ሌሎቹ አደጋዎች ደም መፍሰስ፣ በማላቀቅ ጊዜ የትንሹ አንጀት መበሳት፣ የሽንት ቱቦ ጉዳት፣ የቁስል ኢንፌክሽን፣ የአንጀት ለጥቂት ቀናት መስነፍ፣ በእግር ወይም በሳንባ ደም መርጋትና በኋላ የሚመጣ የስፌት መጥበብ ናቸው።

ከቀዶው በኋላ

ቀደም ሲል ታካሚው ፈስ እስኪወጣው ድረስ ምግብ ይከለከል ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዴንማርካዊው ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት ሥራ መነሻነት የተስፋፋው አሠራር ግን ከዚህ ይለያል። በዚህ አሠራር ታካሚው ቶሎ ፈሳሽና ቀላል ምግብ ይጀምራል፣ በማግሥቱ ከአልጋ ወርዶ ይራመዳል፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም በልክ ይሰጠዋል።

አንጀቱ ወደ ቀድሞ ልማዱ የሚመለሰው ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰገራ ቶሎ ቶሎ ሊመጣ፣ ሊቀጥንና ሊያጣድፍ ይችላል። ለወራት ሥራ ፈትቶ የቆየው ሬክተም መያዝን እንደገና ይለማመዳል። ከባድ ዕቃ ማንሣት ለተወሰኑ ሳምንታት ይከለከላል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ትልቁ አንጀት ድንገት ከሚዘጋባቸው ምክንያቶች መካከል የሲግሞይድ መጠምዘዝ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃውም ጎልማሳ ወንዶችን ነው። በጊዜ የደረሰ ታካሚ በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ አየሩ ተለቅቆለት ጥምዝዙ ሊፈታ ይችላል። ዘግይቶ የደረሰና አንጀቱ የበሰበሰበት ግን ከሐርትማን ቀዶ ውጭ ብዙ ምርጫ ላይኖረው ይችላል። ሩቅ ገጠር ለሚኖር ገበሬ ኮሎስቶሚ ከባድ ነው። የከረጢት አቅርቦት አነስተኛና ውድ ስለሆነ በጨርቅና በፌስታል የሚጠቀሙ አሉ፤ ሽታውን ፈርቶ ከዕድር፣ ከለቅሶና ከገበያ መራቅም ያጋጥማል።

መልሶ የማገናኘቱ ቀዶ በአገሪቱ የሚሠራው በአብዛኛው በክፍት ቀዶና በእጅ ስፌት ነው። በአዲስ አበባ ባሉ አንዳንድ ሆስፒታሎች ላፓሮስኮፒ በተለይ ለሐሞት ከረጢት ሕክምና ይውላል። ለአንጀት ማገናኘት ግን ከውጭ የሚገባ ውድ ስቴፕለር፣ የተሟላ የካሜራ መሣሪያና በዘዴው የሠለጠነ ቡድን ያስፈልጋል። በጥንቃቄ የተሠራ የእጅ ስፌትም አስተማማኝ በመሆኑ፣ ላፓሮስኮፒ አለመኖሩ ብቻውን አንጀትን ላለማገናኘት ምክንያት አይሆንም። ለታካሚው ዋናው ነገር ከመጀመሪያው ቀዶ ሲወጣ የቀጠሮ ቀንና የቀዶ ማስታወሻ ይዞ መሄዱ፣ በቀጠሮውም መመለሱ ነው።